አፍ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጆሮ ጓሮ

እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሙ ነቅሎ ነቅሎ ባዶ ያስቀረውን አፍ እንደገና ጥርስ የማለብሰው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው አፍ ልክ ስቀርጽ ኖሬያለሁና ስለ አፍ የማላውቀው ነገር የለም። ስለ ጆሮ ግን ሃምሳ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ስለ ጆሮ እንዳስብ ያደረገኝ ሊፍት ነው።

ከሥራ ስመለስ ጊዜዬ የሚያልቀው ሬዲዮ ላይ ነው። ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ አይደለም፤ የሚነጋገሩበት ነው። ፈቃድ አውጥተን፣ አንቴና ዘርግተን፣ አይተነው ከማናውቀው ሰው ጋር በአየር ሞገድ የምናወራ ሰዎች አለን። ሌላ ሰው አበባ ያሳድጋል፣ ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ እኛ ይህን እናደርጋለን፤ ምን ይደረግ። የኔ ሬዲዮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ አንቴናዬ ደግሞ ከሕንፃው ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ረጅም ሽቦ ነው። በዚያ ሽቦ እናገራለሁ፣ በዚያው ሽቦ እሰማለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ በሰላም ኖርን።

ከዚያ ሊፍቱን ቀየሩት። የአዲሱ ሊፍት ሞተር የተተከለው ከአንቴናዬ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ሲወጣም፣ ሲወርድም፣ ዝም ብሎ ሲቆምም ሬዲዮዬ ውስጥ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጫጫል። የሕንፃው አስተዳዳሪ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። የኔ ድምፅ እንደ ድሮው አገር ያቋርጣል፤ የሌላው ሰው ድምፅ ግን ሽንኩርቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እኔ እጣራለሁ፤ ሰዎች ይመልሳሉ፤ አልሰማቸውም፤ ደግሜ በላያቸው ላይ እጣራለሁ። በወሩ ስም ወጣልኝ፤ «አፍ ብቻ»። ይህን የነገረኝ ሦስት መንገድ ተሻግሮ የሚኖረው አውቶቡስ ነጂ ነው። እሱም እንደኔው የሬዲዮ ሰው ነው፤ ሲነግረኝም ደስታው ፊቱ ላይ አልተደበቀም።

ስሙስ ይሁን። ያንገበገበኝ የዝናብ ለኪው ነገር ነው።

ዝናብ ለኪው ሐይቅ መሃል በሚገኝ ደሴት ላይ፣ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ የወረደውን ዝናብና የነፈሰውን ነፋስ እየለካ የሚመዘግብ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደሴቱ ላይ ስልክ የለም። ዕቃና ደብዳቤ የሚያመላልሰው ጀልባ የሚመጣው በወር አንድ ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እናወራለን፤ ሁልጊዜም የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ነው። «ዝናብ፣ ሰባት ሚሊ ሜትር። ነፋስ፣ ከምሥራቅ፣ ቀላል። እኔ፣ ደህና። አንቺስ?» የራሱን ጤና እንኳ እንደ ዝናቡ ለክቶ ነው የሚነግረኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለመውደድ አልቻልኩም፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሊፍቱ ከገባ ወዲህ ግን አምስት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።

አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ትለያለች። አንድ ሐሙስ ደረጃውን እየዘለለች መጣችና ገና በሩን ሳትዘጋ «እትዬ! የእሱ ጽሕፈት ነው!» ብላ ጮኸች። ሥራ ላይ እያለች እንዴት ሳትከፍተው እንደዋለች እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤

«ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠሪኛለሽ። ስመልስልሽ በላዬ ላይ ደግመሽ ትጠሪኛለሽ። ሰዎች ሊፍት ነው ይላሉ። ሊፍት ይሁን እኔ ልሁን አላወቅሁም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለኝ፤ በወረቀት አይሆንልኝም። የሚመጣው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ እጠይቅሻለሁ። ጀልባው የሚነሳው አምስት ሰዓት ነው። ለሦስት ዓመት እዚሁ እንድቆይ የሚያደርግ ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ከፈረምኩት በዚያው ጀልባ ይሄዳል። ዝም ካልሽ ገባኝ ማለት ነው፤ ፈርሜ እልካለሁ፤ ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም። ዝናብ፣ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር።»

ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። እህቴማ ክፍሉን መዞር ጀመረች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? እሱ ይሰማሽ የለ? አሁኑኑ ሬዲዮሽን ክፈቺና እሺ በይው!»

«ምን ጠየቀኝና ነው እሺ የምለው?»

«እትዬ፣ አትቀልጂ!»

«አሮጌ ሬዲዮሽን ሽጪልኝ ሊለኝ ቢሆንስ? እኔ እሺ ብዬ ጸጉሬን ተሠርቼ ስጠብቅ፣ እሱ መጥቶ ሬዲዮዬን ተሸክሞ ቢሄድስ?»

እህቴ አልጋው ላይ ተንከባለለች፤ ሳቋ አልቆም አላት። እኔ ግን የምሬን ነበር። በሃምሳ አራት ዓመቴ ላልተጠየቅሁት ጥያቄ መልስ አልሰጥም። መጀመሪያ ጆሮ ያስፈልገኛል፤ የቀረኝ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ነው።

መላውን ያመጣው አውቶቡስ ነጂው ነው። «አፍና ጆሮ አንድ ቦታ ይሁኑ ያለሽ ማነው?» አለኝ። «ለመናገር ከፍታ ያስፈልጋል፤ የጣሪያው ሽቦ እንዳለ ይሁን። ለመስማት ግን የሚያስፈልገው ጸጥታ ነው። ከሊፍቱ ራቅ አድርገሽ መሬት ላይ አንድ ሽቦ አጋድሚ፣ በሱ ስሚ። ካልሆነም እኛ ቤት መጥተሽ ስሚው፤ ባለቤቴም እናቴም ደስ ይላቸዋል።»

እሱ፣ ባለቤቱና እናቱ በሰልፍ ተቀምጠው ያንን ጥያቄ ሲያዳምጡ ታየኝና ሽቦውን መረጥኩ።

ጸጥ ያለው ጓሮው ነው። ጓሮው ግን ምድር ቤት የሚኖሩት የጡረተኛው ዳኛ ነው። ሰላጣና ጽጌረዳ ተክለውበታል፤ ኳስ የገባበት ልጅ ኳሱን የሚያገኘው ምክንያቱን ካስረዳ በኋላ ነው። ሄጄ ብነግራቸው «በጽሑፍ አቅርቢ» አሉኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ። እስክሪብቶ ይዘው አነበቡት፤ ሁለት ስህተት አረሙ።

«ሽቦው ሰላጣዬን ይነካል?»

«በአጥሩ ሥር ነው የሚያልፈው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ድምፅ ያወጣል?»

«አያወጣም። ለመስማት ብቻ ነው።»

«ማንን ለመስማት?»

አፌን ያዝኩ። እሳቸው «ዓላማው ግልጽ አልተደረገም» እያሉ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሲጽፉ፣ ከኋላዬ የቆመችው እህቴ አላስችል አላት።

«ባል ነው፣ ክቡር ዳኛ! ባል ነው የምትሰማው!»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፤ እኔን አዩ፣ ጓሮውን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። «ጊዜያዊ ፈቃድ» አሉ፤ «እስከ ቅዳሜ ድረስ ብቻ።»

ሃምሳ ሜትር ሽቦ በአጥሩ ሥር አጋደምኩ። በሽቦውና ወደ መስኮቴ በሚወጣው ኬብል መካከል ገብታ ሁለቱን የምታስማማ፣ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልግ ነበር፤ በጥርስ መሥሪያ ወረንጦዬ እየጠመጠምኩ ሠራኋት። ዝናብ እንዳይገባባት ደግሞ ለሰው ሠራሽ ድድ በምንጠቀምበት ሮዝ ማሸጊያ ደፈንኳት። በዓለም ላይ ድድ ያላት አንቴና የኔ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ሬዲዮዬ አሮጌ ስለሆነ አንቴና የሚሰካበት ቀዳዳው አንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ኬብሎች የሚያቀያይር ማዞሪያ ገጠምኩና በግራው «ጆሮ»፣ በቀኙ «አፍ» ብዬ ጻፍኩበት። ለመስማት ወደ ጆሮ፤ ለመናገር ወደ አፍ። አውቶቡስ ነጂው ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀኝ። «ጆሮ ላይ ሆነሽ እንዳትናገሪ! የሬዲዮው ጉልበት ሁሉ በዚያች ሚጢጢ ነገር ውስጥ ካለፈ ትቃጠላለች።»

«ሕፃን መሰልኩህ እንዴ?» አልኩት።

ሐሙስ ማታ ሞከርኩት። ወደ ጆሮ ሳዞረው ጸጥ አለ። ጸጥታው ከመብዛቱ የተነሳ የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ ከጸጥታው መሃል አንድ የማላውቀው ሰው ጥርት ብሎ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራ ሰማሁት። ከአምስት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ የሰው ድምፅ ነበር፤ ለማላውቀው ሰው ጉልበት አለቀስኩ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ እህቴ ከወጥ ቤት «ጆሮ! አፍ! ጆሮ!» እያለች እያዘዘችኝ ሳዞር ዋልኩ። እጄ ለመደው። እንዲያውም አልፎ ተርፎ የውሃውን ቧንቧም ሁለቴ አዞርኩት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን ማዞሪያው ጆሮ ላይ ነው፤ እህቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ትራስ አቅፋ ተቀምጣለች። ድምፁ መጣ። ክፍሉ ውስጥ የቆመ ያህል ቅርብ ነው፤ ትንፋሹና የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ ሳይቀር ይሰማል።

«ዝናብ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር። ነፋስ፣ የለም። እኔ…» ብሎ ቆመ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ አያውቅም። «እኔ፣ ደህና አይደለሁም። ትሰሚኝ እንደሆነ አላውቅም። ከሰማሽኝ… ታገቢኛለሽ ወይ?»

ሬዲዮውን ሊገዛኝ አልነበረም!

ማይኩን አነሳሁ፤ ተጫንኩት፤ አፌን ሞልቼ «አዎ!» አልኩ።

ከጓሮው ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የዳኛው ድምፅ ወጣ። «ጭስ! አጥሬ ሥር ጭስ አለ!» የተቃጠለ ድድ ሽታ በመስኮት ገባ። ማዞሪያውን አየሁ። ጆሮ ላይ ነው።

ዓርብን ሙሉ መቶ ጊዜ አዙሬ፣ ሕይወቴ በሚለወጥበት ቅጽበት ረሳሁት። «አዎ» ያልኩት ቃል ሐይቅ ተሻግሮ ሳይሆን ሰላጣ ሥር ገብቶ ተቃጥሏል። እሱ ደግሞ እዚያ ተቀምጦ የሰማው ዝምታ ነው፤ ዝም ካልሽ ገባኝ ብሏል፤ ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አፍ! እትዬ፣ ወደ አፍ አዙሪው!» ብላ እህቴ ጮኸች።

አዞርኩ። «አዎ! አገባሃለሁ! ሰማኸኝ? አዎ!» ብዬ ለቀቅሁትና ለማዳመጥ ወደ ጆሮ መለስኩት፤ ምንም የለም፤ ጆሮዬ ሞታለች። ወደ ጣሪያው ሽቦ መልሼ አዳመጥኩ፤ ሽንኩርት። አሁን እውነትም አፍ ብቻ ሆንኩ።

ታዲያ አፍ ብቻ የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ያወራል። ካልሰማሁት እሱ ይስማኝ ብዬ ማይኩን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። አዎ አልኩ፤ እሺ አልኩ፤ ስለ ማዞሪያው ነገርኩት፤ ስለ ሊፍቱ ነገርኩት፤ ሬዲዮዬን ልትገዛኝ መስሎኝ ነበር አልኩት፤ ከዚያ እንደገና አዎ አልኩ። እህቴ ትራሷን እየነከሰች ጣቷን ታነሳለች፤ የ«አዎ»ዎቼን ቁጥር መያዟ ነው። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ተሰማና በሩ ተበረገደ። አውቶቡስ ነጂው ነው፤ የሸሚዙ ቁልፎች ተዛንፈዋል፤ ብብቱ ሥር ትንሽ መቀበያ ሬዲዮ ይዟል።

«ዝም በይ!» አለኝ እያለከለከ። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ አገሩ ሁሉ ዝም በይ እያለሽ ነው! ሰምቶሻል! የመጀመሪያውን አልሰማም፤ ሁለተኛውን ሰምቷል፤ አሥረኛውንም ሰምቷል!»

እህቴ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ተያይዘን አልጋው ላይ ወደቅን።

«ቆዩ፣ አላለቀም!» አለ ነጂው። «ጥያቄ አለው! እኔ ልምጣ ወይስ አንቺ ትመጫለሽ እያለ ነው፤ የምትተነፍሺበት ፋታ አጥቶ። ጀልባው ሊነሳ ነው!»

መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም የምጠይቀው ነበረኝ፤ ለመጠየቅ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል። ነጂው ወደ ጓሮ ወረደ። የተቃጠለችውን ድድ ቆርጦ ጣለና የሽቦውን ጫፍ መቀበያው ላይ በጣቱ ተጭኖ ያዘው። የመቀበያው ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሰማው በማዳመጫ ብቻ ነው። የነጂው ሁለት እጆች ተይዘዋል። ዳኛው ማዳመጫውን አነሱና «ጓሮው የኔ ነው» ብለው ራሳቸው ላይ አጠለቁት።

እንዲህ ሆነና አፌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጆሮዬ ደግሞ ዳኛው ራስ ላይ ሆኑ። እህቴ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ ቆመች። የየፎቁ መስኮት ተከፈተ።

«ጸጥታ!» አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው ከጡረታ የተመለሰ መሰለ። «አመልካቹ እየተናገሩ ነው! አመልካቹ፣ ልምጣ ወይስ ትመጫለሽ የሚለው ጥያቄያቸው ምላሽ እንዲያገኝ በትሕትና ይጠይቃሉ! ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል!»

ማዞሪያውን ሁለት ጊዜ አየሁት። አፍ ላይ ነው። «ደሴቱ ላይ ስንት ሰው ይኖራል?» አልኩ።

መስኮቶቹ ላይ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ሁለት መቶ አርባ!» አሉ ዳኛው። «አብዛኛው ዓሣ አጥማጅ ነው ይላሉ!»

«ጥርስስ አላቸው?»

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አዳመጡ። «አመልካቹ ይስቃሉ። አሁንም ይስቃሉ። ሁሉንም አልቆጠርኩም ይላሉ፤ የጀልባው ነጂ ግን አንድ ብቻ አለው፤ እሷም ትነቃነቃለች ይላሉ!»

ከዚያ በኋላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። እዚህ ሽንኩርቱ ጆሮዬ ሥር ይንጫጫል፤ እዚያ አንድ ሽቦ ለአፍም ለጆሮም የሚበቃበት ጸጥ ያለ አገር አለ፤ ጥርስ ሠሪ አይቶ የማያውቅ ሁለት መቶ አርባ አፍም ይጠብቀኛል፤ ከሁሉ በላይ እሱ እዚያ ነው። ሳቄ ከሆዴ እየፈነቀለ መጣ። ማይኩን ተጫንኩና በሙሉ ድምፄ «ፈርም!» አልኩት።

እህቴ ክንዴን ጨመደደችው። «እትዬ! ምን አደረግሽ? ፈርም ማለት እኮ እምቢ ማለት ነው! ደብዳቤው!»

ቆሌዬ ተገፈፈ። ታች ዳኛው እጃቸውን አነሱ። «አመልካቹ ዝም ብለዋል» አሉ። ትንሽ ቆዩ። «አሁንም ዝም ብለዋል።» ከዚያ ቀስ ብለው «እሺ፣ እንደ ፈቃድሽ ይላሉ። እስክሪብቶ አንስተዋል» አሉ።

«አይደለም!» ብዬ ማይኩ ላይ ጮኽኩ። «ፈርም ያልኩህ እኔ ስለምመጣ ነው! በሚቀጥለው ጀልባ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል እመጣለሁ! የጥርስ መሥሪያዬን የማስቀምጥበት ጠረጴዛ አዘጋጅልኝ! ለሦስት ዓመት ፈርም! ከፈቀዱልህ ለስድስት ፈርም!»

ማይኩን ለቀቅሁት። ዳኛው ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ተጭነው ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ምን አለ?» አለች እህቴ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አለ፣ ክቡር ዳኛ?» አለ ሕንፃው ሁሉ።

«ይህን እኔ አላስተላልፍም» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል። «ነይና ራስሽ ስሚው።»

ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩት፤ አንደኛውን እግር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጥዬው ሄድኩ። ዳኛው በእጃቸው ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ሰላጣው መሃል መቆሜን ያዩ አልመሰለኝም።

ያለውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ዳኛውም ያላስተላለፉት ነው። መጨረሻ ላይ «ትሰሚኛለሽ?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ማይኩ ሦስት ፎቅ በላይ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮ ብቻ ሆኜ አፍ አጣሁ። ሰከንዶቹ አለፉ።

«ዝም ካልሽ…» አለ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። «ዝም ካልሽ፣ እየሰማሽኝ ነው።»

ከኋላው የጀልባው ሞተር ሲነሳና ሲርቅ ይሰማኝ ነበር። «ዝናብ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር» አለ። «ነፋስ፣ የለም። እኔ፣ ደህና። አንቺስ?»

«አንቺስ ይላል!» ብዬ ወደ መስኮቱ ጮኽኩ። ከላይ፣ የሬዲዮ ፈቃድ የሌላት እህቴ ማይኩን አንስታ «በአንድ እግር ጫማ ሰላጣ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፤ ደግሞም ትስቃለች» ብላ ነገረችልኝ።